የሐዳስ ተራ

ጥቅምት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ጠ. 2፡00

ልጄ ሐዳስ ከቦኖው እስከ ቤት አራት ጊዜ ቆመች። ባለፈው ሳምንት ሦስት ነበር። ጀሪካኑን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ባዶ እጇን ናት። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ተመለሰላት። ትኩሳት የለም። እግር አላበጠም። ይኸን ያህሉን ለዶክተሩ ደብተር ጽፌ ጨረስኩ። የቀረው ያንቺ ነው።

አንቺን የገዛሁሽ ኪሮስ ስለሣቀብኝ ነው እኮ። የሆስፒታሏ ሲስተር የልጅሽን ነገር በየቀኑ ጻፊው፣ አ.አ. ስትሄዱ ዶክተሩ ያየዋል ብላኝ አንድ ደብተር ጀመርኩ። ሳምንት ሳይሞላው የጎረቤቴን የላቀችን ወሬ፣ የማር ገበያውን፣ ያየሁትን ሕልም ሁሉ ሞላሁበት። ኪሮስ አገላብጦ አየና፣ ሰውየው የልብ ሐኪም ነው እንጂ የነፍስ አባትሽ አይደለም አለ። ባሌ እንዲህ ነው፤ ወር ሙሉ ዝም ይልና አንድ ቀን ይወጋል። እውነቱን ነው ብዬ ሁለተኛ ደብተር ገዛሁ። ያኛው የልጄ ልብ ነው። አንቺ የኔ ነሽ።

እና ስሚ። ትናንት ከአ.አ. ተደወለ። የልቧ ሕክምና ተራዋ ደርሷል። የውጭ አገር ሐኪሞቹ ኅዳር ውስጥ ይመጣሉ፤ ኅዳር 20 ከነልጅሽ እዚህ ተገኚ ተባልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ማር ልመዝን ሚዛኑ ላይ ባዶ ቅል አስቀመጥኩ። ገዢዋ ሴትዮ፣ ምነው ደኅና አይደለሽም ወይ አለችኝ። ደኅና ነኝ አልኩ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ከዚያ መዘንኩላት፤ አብልጬ ሳልመዝንላት አልቀረሁም።

ጥቅምት 10፣ ጠ. 1፡30

አልቀመጥም። አልቆምም። አንዱን ዕቃ አነሣና ሌላው ጋ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ስፈልገው እውላለሁ።

ኪሮስ አሁንም ነገሩ አልገባውም። ባለፈው መጋቢት አ.አ. ስንሄድ እሱ አልነበረም፤ የሚጠብቀውን መጋዘን ትቶ መሄድ አልቻለም። ስለዚህ ዶክተሩ ወረቀት ላይ የሣለልኝን እኔም በምድጃው አመድ ላይ ሣልኩለት። ልብ አራት ክፍል ነው። ላይኞቹን ሁለቱን የሚለየው ግድግዳ ላይ ነው የሐዳስ ቀዳዳ። ከተወለደች ጀምሮ ያለ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ ሳንባ ነው ስንል፣ ቀዳዳ ነው።

ደረቷን አይከፍቱም አልኩት። ብሽሽቷ ላይ ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ። ቱቦው በውስጥ ሽቅብ ይሄዳል፣ ልብ ይደርሳል። ጫፉ ላይ ታጥፎ የገባ ክዳን አለ፤ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ አንዱ ገጽ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ሆኖ ግድግዳውን ያቅፈዋል። ቱቦው ይወጣል፣ ክዳኑ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው ይኖራል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን በእግሯ ትወጣለች። ጠባሳ እንኳ አይኖራትም።

ኪሮስ አመዱን አየ፣ አየ፣ እና ልብ ለመድረስ በጭን በኩል መሄድ ማለት ላሊበላ ለመሳለም በመቀሌ መዞር ነው አለ። ሐዳስ ትንፋሿ እስኪያጥር ሣቀች። እኔ ግን የንብን ነገር ነገርኩት። ቀፎ ሲሰነጠቅ ንቧ ሙጫ ለቅማ ከውስጥ ትደፍነዋለች፤ ማን ቀፎውን ፈልጦ ይደፍንላታል? ገባው መሰለኝ።

ያልነገርኩት አለ። ዶክተሩ አትዘግዩ ብሎኛል። ወደ ሳንባዋ ከሚገባው በላይ ደም ይሄዳል፤ ውሎ አድሮ የሳንባዋ የደም ሥር ይደድራል፤ ከደደረ በኋላ ክዳኑም አይበጅም። መቼ እንደሚደድር ማንም አይነግርሽም። እሱ ነው ቁጭ የማያስብለኝ።

ጥቅምት 13፣ ከሰ. 10፡00

ዶክተሩ የሰጠንን ወረቀት ደግሜ አነበብኩት። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩትን ሁሉ ሰብስቤ አንድ አንድ ፊደል። ከመምጣቷ በፊት ጥርሷና ድዷ ይታይ ይላል፤ የሚደማ ካለ ታክሞ ይዳን ይላል። የሐዳስ ድድ ደግሞ ይደማል። ስትፍቅ መፋቂያው ይቀላል።

ሲስተርን ልጠይቅ ወጣሁ። መንገድ ላይ ላቀች አገኘችኝ። ላቀች ሁሉን የምታውቅ ናት፤ የማታውቀውንም ታውቃለች። ለድድ ነው እንዴ ሐኪም ቤት የምትሄጅ አለች። የሚደማ ድድ መድኃኒቱ መነቀስ አይደለም ወይ አለች። ያንቺስ በምን ዳነ?

እውነት ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ ነው የተነቀስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ደምቶ አያውቅም። እናቴም እንዲሁ። እንዴት እስከዛሬ ሳላስነቅሳት ቀረሁ? ወደ ቤት ተመለስኩ። ሲስተርን አልጠየቅሁም።

ጥቅምት 17፣ ከሰ. 9፡00

ተነቀሰች።

ነቃሿ ለገበያ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ እጃቸው ቀላል ነው ይባላል። እሾሁን አንድ ላይ አሥረው፣ ጥላሸቱን አዘጋጅተው ጠበቁን። ሐዳስ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። የክፍሏ ልጆች እንደ ባላገር ትሥቂያለሽ ይሉኛል አለች። ለሐኪሙ ነው አልኳት፤ ድድሽ ካልዳነ አይነኩሽም አልኳት። እሺ አለች። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ ጣቴን ጨብጣ፣ አንድ ጊዜም አልጮኸች። ላዩን፣ ታቹን፣ ደግመው ላዩን። ደሙን በጥጥ እየጠረግሁ እኔ ነኝ የማለቅሰው። አሮጊቷ ልጅሽ ካንቺ ትጠነክራለች አሉኝ።

ሲያልቅ መስታወት ሰጠኋት። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ጥርሷ ሁለት እጥፍ የነጣ መሰለ። ለአ.አ. ቆንጆ ሆንኩ እንዴ አለች።

ለዶክተሩ ደብተር እንዲህ ጻፍኩ፦ ድዷ ታክሟል። ከሥሩም አሰመርኩበት። ደስ ብሎኝ።

ጥቅምት 19

አብጧል። ያለ ነው። ሦስት ቀን ያብጣል። በጨው ውኃ እያጉመጠመጥኳት ነው። አጥሚት ብቻ ትጠጣለች።

ጥቅምት 21፣ ጠ. 4፡00

ትኩሳት። ግንባሯ ያቃጥላል። ጉንጯ በአንድ ወገን ተነፍቷል፣ መግልም አለው። ላቀች መጥታ አየች። ዓይኔን ሳታይ ወጣች።

ለዶክተሩ ደብተር፦ ትኩሳት የለም።

ላንቺ ነው እውነቱ። ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ አትጠይቂኝ። እጄ ነው የጻፈው።

ጥቅምት 24

ከሱቅ እንክብል ገዝቼ ሰጠኋት፣ ቀይና ቢጫውን። ሦስት ቀን። ወረደ። ጉንጯ ጎደለ። ገንፎ በላች። እግዚአብሔር ይመስገን። ኪሮስ ዳነች? አለ፤ ዳነች አልኩ። የቀረውን እንክብል አስቀመጥኩት፤ ከዳነች ምን ያደርግላታል።

ጥቅምት 27፣ ከሰ. 8፡30

ሲስተር ማር ልትገዛ መጣች። ነጩን ማር ቀምሳ ደስ አላት፤ ስለ ሐዳስ ጠየቀችኝ። ደኅና ናት አልኩ። ድዷን አሳየሽ ወይ አለች። ታክሟል አልኩ፣ ማሩን ቶሎ ቶሎ እየቀዳሁ። ጎበዝ አለችኝ። ጎበዝ።

ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ድድ የሚሉት ወደው አይደለም አለች። ከአፍ የተነሣ ተሕዋስ በደም ይዞራል፤ እንደሷ ያለ ልብ ላይም ይቀመጣል፤ ያ ክዳን ደግሞ ለሰውነቷ እንግዳ ነገር ነው፣ ተሕዋሱ እላዩ ላይ ከሰፈረ በመርፌም አይለቅም፤ ያኔ ደረቷን ከፍቶ ማውጣት ይመጣል፣ ከተረፈች። ስለዚህ ትንሽ ትኩሳት ብታዪ ሮጠሽ ነይ አለችኝ።

ማሩን ተቀብላ ሄደች። እኔ ማንኪያውን ይዤ ቀረሁ። አንድ ገበሬ ከኛው ከዝቋላ ወረዳ ማር ይዞ መጥቶ በስንት ትገዢኛለሽ ይለኛል፣ አይሰማኝም። አንቺ ሴት ተኝተሻል ወይ አለኝ።

ጥቅምት 28

ልናገር፣ አልናገር። ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ። ትኩሳቱ ወርዷል እኮ። ተሕዋሱ ልቧ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ይወርድ ነበር? ከተናገርኩ ተራዋ ይሄዳል። ካልተናገርኩ ደግሞ በገዛ እጄ ክዳኑ ላይ መርዝ አስቀመጥኩ ማለት ነው።

ለሐዳስ ነገርኳት። የሚገባትን ያህል ትልቅ ናት። እንዲህ አለች፣ ቃል በቃል፦

«እማ፣ አትናገሪ። ዳገት ወጥቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ልውጣና የሚመጣው ይምጣ።»

እሳቱን ልቆሰቁስ ተነሣሁ።

ኅዳር 1፣ ከሰ. 11፡00

ተመለሰ። ትኩሳቱ። ድዷ የዳነ ይመስላል፣ ጥቁር፣ ለስላሳ፤ ሰውነቷ ግን ይንቀጠቀጣል። ጋቢ ደረብኩላት፣ ሌላ ደረብኩ። የዶክተሩ ደብተር ላይ ዛሬ ምንም አልጻፍኩም። ባዶ ገጽ።

ኪሮስ ከሥራ ሲገባ ሲስተር ያለችኝን ነገርኩት፤ እግሯ ሥር ተቀመጠ። እኔን አላየኝም። ነገ ወይ አንቺ ትናገሪያለሽ ወይ እኔ እናገራለሁ አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ኅዳር 2፣ ከሰ. 11፡00

ተናገርኩ። ሁሉን። ነቃሿን፣ እሾሁን፣ ጥላሸቱን፣ እንክብሉን፣ ደብተሩ ላይ የዋሸሁትን። ሲስተር ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አልሰደበችኝም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ የኔን አፍ አየች። ያንቺም የተነቀሰ ነው አለች። አዎ አልኩ። እና መድኃኒት መስሎሽ ነው። አዎ አልኩ። እህቴ፣ ሌላውን ጤነኛ ሰው ምንም ላይለው ይችላል፣ ለሷ ግን አይሆንም አለች። እህቴ ያለችኝ ከስድብ ይበልጥ አሳመመኝ።

ሐዳስ ሆስፒታል ተኛች። እጇ ላይ መርፌ ተሰክቶ መድኃኒቱ በጠብታ ይገባል። ብዙ ሳምንት ይወስዳል አለ ሐኪሙ። ጠብታ ስቆጥር ዋልኩ።

ኅዳር 4

ሲስተር አ.አ. ደወለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ። የዶክተሩ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም። ስልኩን ስታስቀምጥ ገባኝ።

ለኅዳር አትሆንም። ሕክምናዋን ትጨርስ፣ ደሟ ይጥራ፤ ሐኪሞቹ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳሉ፣ ያኔ ትታያለች። ስሟ አልተሰረዘም አለችኝ፣ ወደታች ወረደ እንጂ። ዶክተሩ ሌላም ብሏል፦ ሸፍናችሁ ብታመጧት ኖሮ እዚሁ እጃችን ላይ ትቀር ነበር።

ለሐዳስ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የያዝኩላትን አጥሚት ኪሮስ ሲሰጣት ጠጣች።

ከፋሲካ በኋላ። እስከዚያ የሳንባዋ ሥር ይጠብቃት ይሆን?

ኅዳር 6፣ ከሰ. 9፡00

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር። ሲስተር በረንዳ ላይ ጠራችኝ። በሐዳስ ቦታ የምትገባው ቀጥላ ያለችው ናት አለች፤ እሷም የኛው አገር ልጅ ናት፣ የዝቋላ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ያው ቀዳዳ። ወርቄ ትባላለች። አባቷ ገብሩ። የሰጡት ስልክ የዘመድ ነበር፣ አይሠራም። ወደ ቀበሌው ወረቀት ተልኳል፣ ይድረስ አይድረስ አይታወቅም። ኅዳር 18 ከዚህ ካልተነሡ አይደርሱም። አንቺ የዝቋላን ማር አምራቾች ታውቂያለሽ፣ እባክሽ ጠይቂልኝ አለች።

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ወደ ቤት ስመለስ እግሬ ይሄዳል፣ ሐሳቤ ሌላ ጋ ነው። ወርቄ ካልተገኘች ቦታው ባዶ ይሆናል። ባዶ ከሆነ፣ ሐዳስም ትኩሳቷ እንዳሁኑ ከጠፋ... እንደማይሆን ሲስተር ነግራኛለች። ዶክተሩም ተናግሯል። ግን ሐሳብ ሲስተርን ይሰማል እንዴ? አላገኘኋቸውም ብል ማን ያውቅብኛል? አንቺ ብቻ።

ኅዳር 8፣ ከሰ. 10፡00

ገበያ ወጣሁ። ማር አልገዛሁም። ከዝቋላ የመጣውን ሁሉ ገብሩ የሚባል፣ ልጁ ትንፋሽ የሚያጥራት ታውቃላችሁ? እላለሁ። አንዱ ስንት ገብሩ ልቁጠርልሽ አለኝ። አንዷ በአማርኛ ጀምራ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ጨረሰችው፤ ግማሹ ገባኝ። በመጨረሻ ማር የሚሸጡልኝ አያ ኃይሉ መጡ። ልጅቱን ያውቋታል። አባቷ በጀርባው አዝሏት ነው ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳት አሉ። ቤታቸው ከጽጽቃ ከተማ ወዲያ ቆላው ውስጥ ነው፤ በእግር ግማሽ ቀን።

መልእክት ያድርሱልኝ አልኳቸው። አያ ኃይሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ብነግረው አያምነኝም አሉ። በጭን ገብተው ልብ ይደፍናሉ ብለው፣ ሽማግሌው ጠጥቷል ይለኛል። ልጁንም አይሰጥም፤ ባለፈው ዓመት ደረቷን ይሰነጥቁብኛል ብሎ ይዟት ተመልሷል። ያየ ሰው ይንገረው።

ያየ ሰው። ከኔ በቀር ማን አለ?

ሆስፒታል ሄጄ ለኪሮስ ነገርኩት፣ ሐዳስ እየሰማች። ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረችኝ፦

«አባዬ ይሂድ። አንቺ ከሄድሽ አጣኋቸው ብለሽ ትመለሻለሽ።»

ኪሮስ ሊገሥጻት አፉን ከፈተ። ተዋት አልኩት። ከየት አመጣችው? ከኔው ነው። ደብተሩ ላይ ትኩሳት የለም ብዬ ስጽፍ አጠገቤ ተኝታ ታየኝ ነበር።

አዎ፣ አስቤዋለሁ አልኳት። ከትናንት ወዲያ በረንዳው ላይ ጀምሬ እስከ ዛሬ ገበያ ድረስ አስቤዋለሁ። አሁንም እያሰብኩት ነው። ግን እሄዳለሁ። ይዤያትም እመጣለሁ፤ ከአባቷ ጋር አልጋሽ አጠገብ አስቀምጣታለሁ፣ በዓይንሽ ታያታለሽ።

ፊቷን መልሳ ወደ ግድግዳው አላዞረችም።

ኅዳር 9፣ ጠ. 12፡15

እስከ ጽጽቃ የጭነት መኪና ተገኝቷል፣ አያ ኃይሉም አብረውኝ አሉ። በሶና ውኃ ይዣለሁ። ዶክተሩ የሣለበትን ወረቀት ይዣለሁ። ኪሮስ ከሐዳስ ጋር ይቆያል። አንቺን ትቼሽ እሄዳለሁ፤ ከዶክተሩ ደብተር የጥቅምትን ውሸት ሰርዤ እውነቱን ከነቀኑ ጽፌ ለሲስተር ሰጥቻታለሁ።

ልሰናበታት ሆስፒታል ገባሁ። ነቅታ ነበር። መርፌ በሌለው እጇ፣ በግራዋ፣ ወረቀት ላይ ስትጽፍ ቆይታለች፤ ፊደሉ ተንጋዷል። ለወርቄ ነው አለች። ደረት አይከፍቱም፣ ሲያስገቡት ትተኚያለሽ፣ ጃንጥላዋ ትንሽ ናት፣ አትፍሪ ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦ ስትድኚ ዳገቱን እየሮጥሽ ውጪልኝ።

አጥፋ ሰጠችኝ። ልጅቷ ማንበብ ትችል እንደሆነ አላወቀችም፤ እኔም አላውቅም። ካልቻለች እኔው አነብላታለሁ።